አራት በአራት ክፍል ውስጥ ሰራውንድ፦ ከኢንተርፌሱ እስከ ጣሪያው

ዩቲዩብ ላይ የሰራውንድ፣ ማለትም ድምፅ ከዙሪያ የሚሰማበት፣ ስቱዲዮ አሠራር የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ችግሩ ክፍላቸው የእኛን አይመስልም። ግድግዳው ዙሪያውን ተሸፍኗል፤ ጣሪያው ለስፒከር ታስቦ ተሠርቷል፤ መብራት አይጠፋም። ባህር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ የቤት ስቱዲዮ ግን ብዙውን ጊዜ አራት በአራት ክፍል ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ማይክ መክፈት አይታሰብም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ክፍል ነው። በሁለት ስፒከር መሥራት ለለመደና ወደ ሰራውንድ ወይም ጣሪያ ላይም ስፒከር ወደሚጨምረው አትሞስ መሻገር ላሰበ ሰው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አምስት የተግባቡ ስፒከሮች ከአስራ ሁለት የማይግባቡ በብዙ ይበልጣሉ። መግባባት ስል እኩል መጮህ፣ ጆሮ ላይ እኩል መድረስ፣ ትክክለኛው ድምፅም ከትክክለኛው ስፒከር መውጣት ማለቴ ነው። ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ብዛት ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ አውሉ።

«ለምን ይደከማል?» የሚል አይጠፋም። ማኅሌት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። አንዱን ወገን ቀኝ ጌታ፣ ሌላውን ግራ ጌታ ይመራዋል። ዜማው ከወገን ወደ ወገን ይቀባበላል፤ ከበሮው መሃል ነው። መሃል የቆመ ሰው የሚሰማውን በሁለት ስፒከር አሳዩ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። የእንጅባራው የአገው ፈረሰኞች በዓልም እንዲሁ ነው። ጥር 23 ቀን የፈረሱ ኮቴ ከኋላ መጥቶ በጎን ሲያልፍ ሰውነት ነው የሚሰማው።

ቁጥሮቹ

5.1 ማለት ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ ግራ ሰራውንድና ቀኝ ሰራውንድ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው አንድ፣ ኤልኤፍኢ የሚባለው የዝቅተኛ ድምፅ ቻናል ነው። እሱ የሚወጣው በቤዙ ስፒከር፣ በሰብዎፈር ነው። 7.1 ላይ ሁለት የኋላ ስፒከሮች ይጨመራሉ። 7.1.4 ሲሆን አራት የጣሪያ ስፒከሮች ይመጣሉ፤ ድምሩ 12 ይሆናል።

ለአራት በአራት ክፍል የእኔ ምርጫ 5.1.4 ነው። 7.1.4 አይገባም ማለት አይደለም፣ ይገባል። ነገር ግን የጎኖቹና የኋላዎቹ በጣም ስለሚቀራረቡ የሚያስገኙት ልዩነት ትንሽ ነው። ያን ገንዘብ ለግድግዳው ሽፋን አውሉት። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መግዛት ካልቻላችሁ በ5.1 ጀምሩ፤ ጣሪያው በኋላ ይደርሳል።

ኢንተርፌሱ፦ መውጫውን ቁጠሩ

ኢንተርፌስ ኮምፒውተሩን ከማይክና ከስፒከር ጋር የሚያገናኘው ሣጥን ነው። ስፒከር ጥንድ ጥንድ እያሉ መግዛት ይቻላል። መውጫ ያነሰው ኢንተርፌስ ግን ተሸጦ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የኢንተርፌሱን አውትፑት ቁጠሩ።

ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። የ3ኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 በስሙ 20 መውጫ አለው። ከእነዚያ ውስጥ ስፒከር በቀጥታ የሚሰካባቸው 10 ናቸው፤ ቀሪዎቹ ዲጂታል ናቸው። 10 መውጫ ለ5.1.4 ልክ ይበቃል፤ ለ7.1.4 ግን ሁለት ይጎድለዋል። ደግሞም በብዙ ኢንተርፌሶች የጆሮ ማዳመጫው የራሱ መስመር የለውም፤ ከመጨረሻዎቹ መውጫዎች ጋር ይጋራል። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃው ማኑዋል ላይ አረጋግጡ።

መውጫ ሲጎድል መፍትሔው አዳት የሚባለው የዲጂታል ድምፅ ማገናኛ ነው። በአንድ ቀጭን የኦፕቲካል ኬብል በ48 ኪሎኸርዝ 8 ቻናል ይተላለፋል። በ96 ኪሎኸርዝ ከሆነ ወደ 4 ይወርዳል። አትሞስ በብዛት በ48 ስለሚሠራ በ48 ሥሩ። እንደ ቤሪንገር ኤዲኤ8200 ያለ ባለ 8 መውጫ ሣጥን ከኢንተርፌሱ ጋር ብታገናኙ 10ሩ 18 ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፦ ሁለት ዲጂታል ዕቃ በአንድ ክሎክ፣ ማለትም በአንድ የጊዜ ምት፣ መሄድ አለበት። ኢንተርፌሱን ዋና አድርጉት፤ በተጨማሪው ሣጥን ጀርባ ያለውን ማዞሪያ ደግሞ ክሎኩን ከአዳት እንዲወስድ አስተካክሉ። ይህ ከተረሳ ድምፁ መሃል ላይ «ጠቅ… ጠቅ» እያለ ይቆራረጣል። ሰዉ ኬብል ሲቀያይር ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ክሎኩ ላይ ነው።

ቀጥሎ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ጠይቁ። ብዙ ኢንተርፌስ ላይ ያለው ትልቁ ማዞሪያ የሚቆጣጠረው መውጫ 1 እና 2ን ብቻ ነው። አስሩን አንድ ላይ ከፍና ዝቅ የማያደርግ ከሆነ ለሰራውንድ አይመችም። ደግሞ አደጋ አለው። ሶፍትዌሩ ተሳስቶ ሙሉ ድምፅ ቢለቅ ጆሯችሁን የሚያድን ማዞሪያ አይኖርም። አንዳንዶቹ በራሳቸው ሚክሰር ሶፍትዌር መውጫዎቹን በአንድ ቡድን ማሰር ያስችላሉ። እንደ ኦዲየንት ኦሪያ ያሉት ደግሞ ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ ናቸው፦ 16 መውጫ፣ አንድ የጋራ ማዞሪያ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ማዘግያና ማስተካከያ። ዋጋው ግን ጨከን ያለ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንድ የአዚዮ ድራይቨር (ኢንተርፌሱን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ኢንተርፌሶችን አቀናጅቼ 12 አደርሳለሁ ማለት አይሠራም። ማክ ላይ ሁለቱን አግሪጌት በሚባለው አማራጭ ማጣመር ይቻላል። ያም ሆኖ አንድ ኢንተርፌስ ከአዳት ጋር ይሻላል።

መብራት

ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ኮምፒውተሩን፣ ኢንተርፌሱንና ሃርድ ዲስኩን በዩፒኤስ አድርጉ። ስፒከሮቹን በስታብላይዘር። መብራት ከሄደ የስፒከሮቹን ማብሪያ አጥፉ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ አሳልፉ። ስታበሩ ኢንተርፌሱ ይቀድማል፣ ስፒከር መጨረሻ ነው። ስታጠፉ ስፒከር ይቀድማል። ካልሆነ በአስሩም ስፒከር «ዷ!» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ውሎ አድሮም ስፒከሩን ይጎዳዋል። ስታብላይዘሩ ቮልቴጁ በዋዠቀ ቁጥር «ቀጭ» ስለሚል ከክፍሉ ውጭ አስቀምጡት።

ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ ጥሩ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ። ግማሹን ከዚህ ግድግዳ፣ ግማሹን ከዚያ ግድግዳ ስትሰኩ ነው «ሁምም» የሚለው የ50 ኸርዝ ድምፅ የሚመጣው። ሌላው የቤቶቻችን ችግር ግራውንድ አለመኖሩ ነው። ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ላፕቶፑን ወይም የኢንተርፌሱን ብረት ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ግራውንድ አስተክሉ። ሁሙን ለማጥፋት ብሎ የግራውንዱን እግር መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ግን ከሕይወት ጋር መቀለድ ነው።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ማጥፋት አይበቃም። ከሶኬት ንቀሉ። የኢንተርኔት ገመድ ካለም አብሮ ይነቀል።

ደጋ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ብዙ ቻርጀርና አዳፕተር ላይ በተራራ ምልክት 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ። እስከዚያ ከፍታ ተፈትኗል ማለት ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከዚያ በታች ናት። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እንጅባራም እንዲሁ ከ2,000 ታልፋለች። ዕቃው አይሠራም ማለት አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ግን ሙቀት እንደ ልቡ አይወጣም። ስለዚህ ኢንተርፌሱን ዩፒኤስ ላይ አትደርቡት፤ የስፒከሮቹ ጀርባም ከግድግዳ ጋር አይለጠፍ።

ክፍሉ

አራት በአራት ክፍል ለመኖሪያ መልካም ነው፤ ለድምፅ ግን መጥፎ ቅርጽ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ4 ሜትር ግድግዳ መካከል የመጀመሪያው የሚያስተጋባ ድምፅ 43 ኸርዝ ገደማ ላይ ይወድቃል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሲሆን ሁለቱም እዚያው 43 ላይ ይደራረባሉ። አንዱ ጥግ ላይ ቤዙ ይጮሃል፤ ክፍሉ መሃል ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ወንበራችሁን ከትክክለኛው መሃል 20 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት አውጡት። ትንሽ ትመስላለች፤ ልዩነቱን ግን ትሰሙታላችሁ።

ለሽፋን የውጭ ዕቃ ፍለጋ አትድከሙ። ወፍራም ስፖንጅ፣ የጥጥ ፍራሽ፣ የተደራረበ ባና ይሠራል። ዋናው ውፍረት ነው፤ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስትሰቅሉት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ፍራሹን አራቱ ጥግ ላይ አቁሙት፤ ቤዝ የሚከማቸው እዚያ ነው። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ። ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ቤዙን አይነካውም፤ ክፍሉን ያስቀይማል፣ እሳትም ይወዳል። ጭድ በከረጢት የሚሞሉም አሉ። ድምፅ መምጠጡን ይመጥጣል፤ ግን አይጥና የኤሌክትሪክ ብልጭታ አንድ ላይ ሆነው እንቅልፍ ይነሷችኋል።

የጭቃ ቤት ውስጥ ያላችሁ አትፈሩ። ሸካራው የጭቃ ግድግዳ ከተለሰነ ብሎኬት ያነሰ ያስተጋባል።

በሲባጎና በጠመኔ

አንግል ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲባጎ፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃል።

ጆሯችሁ የሚሆንበትን ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ላይ ሚስማር ወይም የሰው ጣት አስይዛችሁ በ1.5 ሜትር ሲባጎ ክብ አስምሩ። አራት በአራት ክፍል ውስጥ ይህ ክብ በደንብ ይገባል። ስፒከሮቹ ሁሉ በዚህ ክብ ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ መሃለኛውን ስፒከር ከፊት ለፊታችሁ አድርጉ። ከዚያ ከመሃለኛው ቦታ ጀምራችሁ ቀጥታ በሜትር እየለካችሁ ክቡን የሚነካበት ላይ ምልክት አድርጉ፦

ግራና ቀኝ፦ ከመሃለኛው 78 ሴንቲሜትር። ይህ 30 ዲግሪ ይሰጣችኋል።
ሰራውንድ ለ5.1፦ ከመሃለኛው 2.46 ሜትር። ይህ 110 ዲግሪ ነው።
7.1 ከሆነ ጎኖቹ 2.12 ሜትር፣ ኋላዎቹ 2.77 ሜትር። 90 እና 135 ዲግሪ መሆናቸው ነው።

ልክ መሥራታችሁን ለማወቅ ከግራ እስከ ቀኝ ስፒከር ለኩ። 1.5 ሜትር ከሆነ ክቡም አንግሉም ትክክል ነው። ክባችሁ ሌላ መጠን ካለው የሲባጎውን ርዝመት በ0.52፣ በ1.64፣ በ1.41 እና በ1.85 አባዙት፤ በዚሁ ቅደም ተከተል።

የስፒከሩ ትንሿ ድምፅ አውጪ፣ ትዊተሯ፣ ከጆሮ ጋር እኩል ትሁን። ሰው ሲቀመጥ ጆሮው ከወለል 1.2 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሁሉም ፊት ወደ ወንበሩ ይዙር። መሃለኛውን በጎኑ አታጋድሙት፤ ኮምፒውተሩ ከከለከላችሁ ኮምፒውተሩን ዝቅ አድርጉ።

ስፒከሮቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል። አቅም ካነሰ ቢያንስ የፊቶቹ ሦስቱ አንድ ሞዴል ይሁኑ። ግራ ላይ ያለ ድምፃዊ ወደ መሃል ሲመጣ ድምፁ ከተለወጠ ሚክሱን ማመን አይቻልም።

በር ወይም መስኮት አንዱን ስፒከር ከክቡ ቢያስወጣው አትጨነቁ። አንግሉን ጠብቁለት፤ ርቀቱን በኋላ በማዘግየት እናስተካክለዋለን።

ጣሪያው

የጨርቅ ኮርኒስ ላይ ስፒከር አይሰቀልም። ወራጅ ላይ ልስቀል ካላችሁ ደግሞ ቆርቆሮው አብሮ ይንቀጠቀጣል። የተሻለው ብየዳ ቤት ሄዶ ከቱቦላሬ ራሱን ችሎ የሚቆም ፍሬም ማሠራት ነው። አራት እግር፣ ከላይ አራት ማዕዘን። ከጣሪያው ጋር አይነካካም። የቤት ኪራይ ላይ ላላችሁም ይመቻል፤ ስትለቁ ፈታታችሁ ትወስዱታላችሁ። ስለዚህ በብየዳ ፈንታ ማገናኛዎቹን በብሎን አሠሩት። ቱቦላሬ ባዶ ስለሆነ ስትመቱት ይጮሃል። በደንብ የደረቀ አሸዋ እግሮቹ ውስጥ ሞልታችሁ ክደኑት፣ ዝም ይላል። በባህር ዛፍ አውራጅ የሚሠራም አለ፤ እሱም መጥፎ አይደለም፣ ግን ደርቆ እስኪያበቃ ይጣመማል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከጎን ሲታይ ከጆሮ ወደ ላይ 45 ዲግሪ እንዲሆን እንፈልጋለን። ያ ማለት ስፒከሩ ከጆሯችሁ በላይ ስንት ሜትር ከሆነ፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላም ያንኑ ያህል ይርቃል። ስፒከሩ 2.6 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ከጆሮ 1.4 ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱን 1.4 ሜትር ወደ ፊት፣ ሁለቱን 1.4 ሜትር ወደ ኋላ አድርጉ። በስፋት ከፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ጋር በአንድ መስመር ይሁኑ።

ብሎኑ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ለእያንዳንዱ ስፒከር ከፍሬሙ ጋር የሚያያዝ የብረት ሽቦ ወይም ሰንሰለት ጨምሩ። ከሥሩ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

ኬብል

ከኢንተርፌስ ወደ ስፒከር የሚሄደው ባላንስድ፣ ማለትም በመንገድ የሚገባ ጫጫታን የሚከላከል ዓይነት፣ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ የጊታር ኬብልና ይህኛው አብረው ተሰቅለው ይሸጣሉ፤ ሻጩም አንድ ነው ሊላችሁ ይችላል። ጃኩን ከብርሃን ጋር አድርጋችሁ እዩት። ብረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለ ባላንስድ ነው። አንድ ብቻ ካለ የጊታር ነው፤ አስቀምጡት። ስፒከሩ የኤክስኤልአር ቀዳዳ ካለው ከጃክ ወደ ኤክስኤልአር የሚሄደውን ውሰዱ።

ሁለቱም ጫፍ ላይ የቻናሉን ስም ጽፋችሁ ለጥፉ። የመብራት ገመድና የድምፅ ኬብል አብረው አይታሰሩ፤ መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ይለፉ።

ሶፍትዌሩና የቻናል ቅደም ተከተል

ሎጂክ ፕሮ፣ ፕሮ ቱልስ፣ ኩቤዝ ፕሮና ኑዌንዶ የሚባሉት የቀረጻ ሶፍትዌሮች አትሞስን በውስጣቸው ይሠራሉ። በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር ሪፐር ጥሩ ነው፤ አንዱ ትራክ ብዙ ቻናል ይይዛል፣ 5.1ም ያለ ችግር ይሠራል። ማክ ላይ ከሆናችሁ በኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ ውስጥ ኢንተርፌሱን መርጣችሁ የስፒከሩን አደረጃጀት ማስተካከል አትርሱ።

ሰው ሁሉ የሚደናገረው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሁለት ልማድ አለ። አንዱ ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ ኤልኤፍኢ፣ ግራ ሰራውንድ፣ ቀኝ ሰራውንድ ይላል። ሌላው የፊልም ቤቶች ነው፦ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ፣ ግራ ሰራውንድ፣ ቀኝ ሰራውንድ፣ መጨረሻ ላይ ኤልኤፍኢ። ኬብላችሁን በመጀመሪያው ሰኩ። በ5.1.4 ከሆነ ከስድስቱ ቀጥሎ የጣሪያ ፊት ግራ፣ የጣሪያ ፊት ቀኝ፣ የጣሪያ ኋላ ግራ፣ የጣሪያ ኋላ ቀኝ ይከተላሉ። 7.1.4 ላይ የኋላዎቹ ሁለት ከጣሪያዎቹ በፊት ይገባሉ።

ለመፈተሽ በራሳችሁ ድምፅ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «መሃል»፣ «ጣሪያ ፊት ግራ» እያላችሁ ቅዱ። እያንዳንዱን ቃል በራሱ ቻናል አድርጉና አጫውቱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁ ወደመጣበት ጠቁሙ። «መሃል» የሚለው ከቀኝ፣ «ቀኝ» የሚለው ከመሃል ከመጣ፣ «ግራ ሰራውንድ» የሚለውም ሰብዎፈሩ ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርም ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፕሮግራሙ በፊልም ቤቶቹ ቅደም ተከተል እየላከ ነው። ኬብሉን አትንኩ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ቀይሩት። ይህን የድምፅ ፋይል አስቀምጡት፤ ዝማኔ በመጣ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ሰብዎፈሩና ኤልኤፍኢ

ብዙ ሰው ኤልኤፍኢ የሚወጣበትን መስመር ሰብዎፈሩ ላይ ሰክቶ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ሰብዎፈሩ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የኤልኤፍኢን ቻናል ማጫወት ነው፤ እሱ እስከ 120 ኸርዝ ይደርሳል። ሁለተኛው ትንንሾቹ ስፒከሮች የማይችሉትን ቤዝ መቀበል ነው። ባለ 5 ኢንች ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ በጉልበት አያወጣም። ስለዚህ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ከሁሉም ስፒከሮች ተሰብስቦ ወደ ሰብዎፈሩ መላክ አለበት። ይህን ቤዝ ማኔጅመንት ይሉታል። አንዳንድ ኢንተርፌስ በውስጡ አለው። ከሌለው መውጫው ላይ በፕለጊን ይሠራል።

ኤልኤፍኢ ሲጫወት ከሌሎቹ 10 ዲቢ ከፍ ብሎ እንዲሰማ ተደርጎ የተነደፈ ነው። የተሰበሰበው ቤዝ ግን ይህ ጭማሪ የለውም። ሶፍትዌራችሁ ወይም ኢንተርፌሳችሁ 10ሩን ራሱ ይጨምር እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ከጨመሩ ሚክሳችሁ ሌላ ቦታ ሲጫወት ቤዝ አልባ ይሆናል፤ እናንተ ቤዝ በዛ ብላችሁ ትቀንሱታላችሁና።

ሰብዎፈሩን የት እንደምታስቀምጡ ለማወቅ፣ ወንበራችሁ ላይ አስቀምጡትና ቤዝ ያለው ነገር አጫውቱ። ከዚያ በግድግዳው ሥር ተንበርክካችሁ እየዞራችሁ አዳምጡ። ቤዙ ጥርት ብሎ እኩል የተሰማበት ቦታ የእሱ ቦታ ነው። ሰው ካየ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

ልኬት

ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው የክፍል መለኪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። እንደ ዩሚክ-1 ያለ በዩኤስቢ የሚሰካ የመለኪያ ማይክ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ከሌለ የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕም ለማመሳሰል ይረዳል። የሚያሳየው ቁጥር ትክክል ላይሆን ይችላል፤ እኛ ግን የምንፈልገው ስፒከሮቹ እርስ በርስ እኩል መሆናቸውን ነው።

በርቀት ጀምሩ። ከማይኩ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ለኩ። በጣም የራቀው መነሻ ይሆናል፤ ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ። ጣሪያ በሌለው 5.1 ላይ አንዱ ሰራውንድ በበር ምክንያት 1.2 ሜትር ላይ ከቆመ ከ1.5ቱ 30 ሴንቲሜትር ይቀርባል። 0.3ን ለ343 አካፍሉት፤ 0.87 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። በ48 ኪሎኸርዝ 42 ሳምፕል ነው። ያን ያህል አዘግዩት። ከፍታ ይህን ስሌት አይቀይረውም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ወደ 340 ሊወርድ ይችላል፤ በ1.5 ሜትር ውስጥ ግን ከቁም ነገር አይገባም።

ቀጥሎ የድምፅ መጠን። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን «ሽሽ» የሚል መፈተሻ ድምፅ በ-20 ዲቢ ወደ አንድ ስፒከር ብቻ ላኩ። መለኪያውን «ሲ» (C) እና «ስሎው» (Slow) በሚሉት አማራጮች ላይ አድርጋችሁ ጆሮ በሚሆንበት ቦታ ያዙ። ለአትሞስ የሙዚቃ ሥራ 79 ዲቢ የተለመደ ነው። ሲኒማ ቤት 85 ነው፤ እናንተ ክፍል ውስጥ ግን ያደነቁራል። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ 76ም ይበቃል፤ ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ማስተካከያውን በስፒከሩ ጀርባ ባለው ማዞሪያ ጀምሩ፤ የመጨረሻዋን ግማሽ ዲቢ በሶፍትዌር ጨርሱ። የሰብዎፈሩን ኤልኤፍኢ በዚያው መለኪያ ስትለኩ 10 ሳይሆን 4 ዲቢ ገደማ ብቻ በልጦ ታዩታላችሁ። ትክክል ነው። ድምፁ ጠባብ ስለሆነ መለኪያው ሙሉውን ልዩነት አያሳይም።

አሁን የጥንድ ፈተና። ያንኑ ኖይዝ ለግራና ለቀኝ እኩል ላኩ። መሃል ላይ እንደ አንድ ነጥብ ካልተሰማ፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚዋኝ ከመሰለ፣ አንዱ ኬብል ተገልብጧል። ለሰራውንዶቹም፣ ለጣሪያዎቹም ድገሙት። ሰብዎፈሩን ደግሞ 80 ኸርዝ ከፊቶቹ ጋር አጫውታችሁ ሞገዱን የሚገለብጠውን የፌዝ ማብሪያ ገልብጡ፤ ይበልጥ የጮኸበት ላይ ተዉት።

ከዚያ ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አጫውቱ። የሆነ ቦታ ላይ «ዝርርር» ይላል። ወይ የቆርቆሮ ሚስማር ላልቷል፣ ወይ የመስኮት መስታወት ነው፣ ወይ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ። እየተከታተላችሁ አጥብቁት።

ኢኪው፣ ማለትም የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ማስተካከያ፣ የመጨረሻው ነው። ከ300 ኸርዝ በታች ያበጠውን ቀንሱ፤ ከዚያ በላይ ብዙ አትንኩ። 43 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ካያችሁ ልሙላው አትበሉ። የቱንም ያህል ብትጨምሩ ግድግዳው መልሶ ይውጠዋል፤ ስፒከሩ ብቻ ይደክማል። ወንበሩን አንቀሳቅሱ።

መጀመሪያ ምን ይሞከር?

ማኅሌት የቀዳችሁ ከሆነ በእሱ ጀምሩ። የቀኝ ጌታን ወገን ፊት ቀኝና ቀኝ ሰራውንድ መካከል ዘርጉት፤ የግራውንም እንዲሁ። ከበሮው ወደ መሃል ይምጣ። ጣሪያው ላይ ድምፃውያኑን አታውጡ፤ የሕንፃውን ማስተጋባት ብቻ በስሱ ስጡት። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ውኃውን የቀዳችሁ ከሆነ ግን ጣሪያው ይፈቀዳል፤ ፏፏቴ ከላይ ነው የሚመጣው።

ከበሮውን ኤልኤፍኢ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። ሚክሱ ወደ ስቴሪዮ ሲታጠፍ ኤልኤፍኢ ብዙውን ጊዜ ይጣላል፤ ከበሮውም አብሮ ይሄዳል። ዋናውን በሙሉ ስፒከሮቹ አውጡት፤ ኤልኤፍኢ ትንሽ ጉልበት ይጨምርለት።

አትሞስ ውስጥ ቦታቸው የማይንቀሳቀስ 10 ቻናሎች ያሉት መደብና እስከ 118 የሚንቀሳቀሱ ድምፆች አሉ። ለሚዞር ፈረስ አንዱ ይበቃል። ለማስረከብ አማካይ የድምፅ ጉልበቱ ከ-18 ኤልዩኤፍኤስ አይለፍ፤ ከፍተኛው ጫፍም ከ-1 ዲቢ በታች ይሁን።

ሥራውን ከመላካችሁ በፊት በተራ የጆሮ ማዳመጫ ሰራውንዱን በሁለት ጆሮ በሚያሰማው ባይኖራል፣ ከዚያ በስልክ ስፒከር በስቴሪዮ ስሙት። አብዛኛው አድማጭ ያለው እዚያ ነው። ድምፃዊው ስልኩ ላይ ከደከመ ወደ መሃለኛው ቻናል ተመለሱና ሁለት ዲቢ ጨምሩለት።